የክፉዋ አማት ድምፅ

አገር ምድሩ የሚጠላኝ ሴት ነኝ። ፊቴን ማንም አያውቀውም፤ ድምፄን ግን የማይረግመው የለም። በባዕድ ቋንቋ ተሠርቶ ወደኛ ቋንቋ በሚመለሰው ተከታታይ ፊልም፣ ምራቷን ለምታሰቃየዋ አማት ድምፅ የምሰጣት እኔ ነኝ። ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ "እዚህ ጋ ሰው አለ?" ብዬ ብጠይቅ፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ቀና ብላ አይታኝ ወንበሩን ለኔ ትታ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሥራዬን ችዬዋለሁ ማለት ነዋ።

ቀላል የሚመስለው ይሞክረው። የፊልሟ ሴትዮ ሁለት ቃል ተናግራ አፏን ትዘጋለች፤ ወደኛ ሲመለስ ክንድ ያህላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አፏ አልከደን ይላል፤ እኔም "እንግዲህማ"፣ "እኮ ነው የምልሽ" እያልኩ ከንፈሯ እስኪገጥም እሞላላታለሁ። ፖም ስትገምጥ እገምጣለሁ፤ በጥፊ ስትመታ የራሴን ጭን አጮለዋለሁ። ዳይሬክተራችን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ "ድገሚ" ከማለት ሌላ ቃል ስለማያውቅ አቶ ድገሚ ነው የምንለው። እኔን ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ መስመር ከሁለት ጊዜ በላይ አስደግሞኝ አያውቅም። ጉራ አይደለም፣ ጠይቁት።

ታዲያ አንድያ ልጄ ሊያገባ ሆነ። ልጅቷን ገና ሳያት ወደድኳት። ሳቋ ቤት ይሞላል፤ ሴት ልጅ ሳልወልድ የቀረሁበት ቁጭት እሷን ሳይ ጠፋልኝ። እናቷን ልተዋወቅ ቤታቸው ሄድኩና በሩ ላይ፣ የምችለውን ያህል አለስልሼ፣ "እንደምን ዋሉ" አልኩ። ሴትዮዋ እጄን እንደያዘች ፊቷ አመድ መሰለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ እኮ ወለምታም አልነበረም፣ ሰላምታ ነው! ለካ እስካሁን የታዩትን ስልሳ አንድ ክፍሎች አንድም ሳያመልጣት አይታለች።

በማግስቱ ልጄ አንገቱን ደፍቶ መጣ። እናትየው፣ ልጄን ለዚያች ድምፅ አሳልፌ አልሰጥም ብላለች። ልጅቷም አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ያላት እናቷ ብቻ ናት፤ ያለ እሷ ፈቃድ አላገባም ብላ ታለቅሳለች። ደሜ ፈላ። ነካ ያደርጋታል እንዴ ሴትዮዋን ብዬ ቤቱን ዞርኩት። ደውዬ ላስረዳት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ በስልክ የሚሄደውም ያው ድምፄ ነው። በመጨረሻ ልጄን፣ እናትየዋን ሥራ ቦታዬ ይዘሃት ና፣ በዓይኗ ትየው አልኩት።

መጣች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን የምንቀዳው አማቲቱ ምራቷን በዝናብ ከቤት ስታባርር ጎረቤቷ የምትጋፈጣትን ነበር። ለጎረቤቷ ድምፅ የምትሰጠው ባልደረባችን ግን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። አቶ ድገሚ ቢጨንቀው ወደ እንግዳችን ዞሮ፣ አንዲት መስመር ናት፣ ቢሞክሩልን አላት። እምቢ ትላለች ስል ብድግ አለች። አምባሯ እንዳይንሿሿ አስወልቀን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግንላት።

መስመሯ "ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?" ብቻ ናት። እሷ ግን የስልሳ አንድ ክፍል ቂም ይዛለች። አንቺ አረመኔ ብላ ጀመረች፤ የተደበቀውን ደብዳቤ አነሳች፣ ምራቲቱ ጦሟን ያደረችበትን ቀን አነሳች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ጎረቤት አፏን ከድና፣ በሩን ዘግታ ሄዳለች፤ የኛዋ ገና መሃል ላይ ናት። ቴክኒሻኑ ሳቁን ሊደብቅ ጠረጴዛ ስር ገባ። አቶ ድገሚም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ይድገሙ" አለ። አምስተኛው ላይ አንጀቷ ራሰ መሰለኝ፣ ትርፉ ሁሉ አለቀና የቀረው መስመሯ ብቻ ሆነ። ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ እኔን አየችኝ።

"ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?"

ልክ ከንፈሩ ላይ ገጠመ። ተራው የኔ ነው። አማቲቱ "ልጄ አይደለችማ!" ብላ ከት ብላ መሳቅ አለባት። አፌን ብከፍት አልወጣ አለኝ። ድገሚ ተባልኩ። የልጅቷ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ድገሚ። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ፤ የዚያች ክፉ ሳቅ ሳል ሆኖ ይወጣል። እኔ እንዲህ ልዋረድ! እንባዬን ልደብቅ ዞር አልኩ፤ አልተደበቀም።

የልጅቷ እናት ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አንስታ ጠጋ አለችኝ።

"በይው፣ ሥራሽ ነው" አለችኝ። "ስለኔ ልጅ እንዳልሆነ አውቄያለሁ።"

ስምንተኛው ላይ ተናገርኩት፣ ሳቅኩም። እንደዚያ ያለ ክፉ ሳቅ ስቄ አላውቅም፤ ቴክኒሻኑን ሰቀጠጠው። እሷ ደግሞ አጨበጨበች፤ ጭብጨባዋም አብሮ ተቀዳና እንደገና አስደገሙን።

ልጆቹ ተጋብተው የራሳቸው ቤት እስኪያልቅ ከኔ ጋር ናቸው። ተከታታዩም ገና አላለቀም። ማታ ማታ ክፍሉ እንዳበቃ ስልኬ ይጮሃል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "በይ እስቲ ጥሪያት" ትለኛለች። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ጓዳ እጣራለሁ።

"ልጄ!"

"አቤት፣ እማዬ" ትላለች ምራቴ። እናቷ ወዲያ ማዶ ሆና ትሰማለች። ከዚያ በሉ ደህና እደሩ ብላ ስልኩን ትዘጋለች።