ኋላ ባዶ ነው

«ጋሼ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ደብተር እስቲ አንተ እያት» አለችው ልጅቷ፣ በሐዘንተኞቹ መሃል ጎንበስ ብላ። «ከነገ ወዲያ የጦር ሙዚየሙ ሰው ልኮ የአባዬን ደብተሮች ሊወስዳቸው ነው። ስለ መድፍ ከአንተ በቀር የሚያውቅልኝ ማን አለ?»

ሻለቃው ደብተሯን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። በሌላ እጁ የያዘው ቡና ቀዝቅዟል። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ሦስቱንም ቀን ክፍሉ መሃል ካለችው ወንበር ብዙም አልተነሳም። የገባው ሁሉ «አይ፣ እናንተስ እንደ ወንድም ነበራችሁ» እያለ ትከሻውን ይነካዋል። እሱም ባጽናኑት ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ሰው ከሐዘን ብዛት መስሎታል።

ሟቹ የእህቱ ባል ነበር። እህቱ ራሷ ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ልጅቷ ከአሁን በኋላ ከእሱ ሌላ ዘመድ የሚባል የላትም። እሱም ቢሆን አላገባ፣ አልወለደ፣ «ጋሼ» የምትለው እሷ ብቻ ናት። ደብተሯን ለመክፈት የፈራው ለዚህ ነው። ሟቹ እውነቱን ጽፎት ከሆነ ልጅቷን ያጣታል።

«ሰባት ደብተር!» አሉ ከጎኑ የተቀመጡት ጎረቤት ሴትዮ። «የበር ጠባቂ ሆኖ ይህን ሁሉ ምን ይጽፍ ነበር?»

«ስለ አንድ መድፍ ነው እትዬ» አለች ልጅቷ። «የማይራገጥ መድፍ እንዴት እንደተፈለሰፈና እንዴት እንዳደገ። አባዬ አንዲት ሚሊሜትር ለማረጋገጥ ሦስት ወር ደብዳቤ የሚጻጻፍ ሰው ነው። ያላረጋገጠውን አይጽፍም።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁና በሌላ ጎናቸው ወደ ተቀመጠችው ሴት ዞረው፣ ድምፃቸውን የቀነሱ መስሏቸው፣ «ደግ ሰው ነበር እኮ። ያቺ ነገር ባትኖርበት» አሉ።

ያቺን ነገር ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሟቹ በወጣትነቱ የመድፍ ተኳሽ ሳለ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ተኩሶ ጓደኛውን አሳውሯል፤ ታስሯል፣ ከሠራዊቱ ተባሯል። ሰው የሚያውቀው ይህን ነው።

በሩ ላይ የበትር ኳኳታ ተሰማ። ልጅቷ ብድግ ብላ ሄደችና ማየት የተሳነውን ሰው ክንዱን ይዛ አስገባችው። ከግንባሩ እስከ አገጩ ቆዳው የተጨማደደ ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ቀልዴ ነው የሚሉት።

«ማን ማን አለ?» አለ ቀልዴ። «ዝም ካላችሁኝ ሁላችሁንም ቆንጆ አድርጌ ነው የማስባችሁ፣ በኋላ እንዳታፍሩ።»

ሲያለቅሱ የነበሩት ሳቁ፤ የሳቁትም መልሰው አለቀሱ። ልጅቷ ከሻለቃው ወንበር በስተኋላ አስቀመጠችው። ሻለቃው አልዞረም። የቀልዴ ጉልበት ወንበሩን ሲነካው ግን ተሰማው።

ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ማታ፣ ሻለቃውም ባለበት፣ ሟቹ እራት ቀርቦ ሁለት ብርጭቆ ቂጥ ለቂጥ ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞላት ነበር። «ድሮ መድፍ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። እሱን የሚችል ብረት ደግሞ ክብደቱ አይጣል ነው። አንዱ የባሕር ኃይል መኮንን ምን አደረገ? ሁለት መድፍ እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ገጠመ። በፊቱ ጥይት፣ በኋላው የእርሳስ ድቡልቡልና ቅባት ይወጣል። ሁለቱ ሲገፋፉ መድፉ ባለበት ይቀራል።»

«ቅባቱ ማን ላይ ነው የሚያርፈው?» አለች ልጅቷ።

«ጎሽ! እሱን ነው መጠየቅ።» ሟቹ ብርጭቆዎቹን አላቀቃቸው። «ኋላ ላይ ቅባቱ ቀረና በጋዝ ተተካ። የጥይቱን ቀፎ እንደ ወንፊት በሱት፣ የመድፉን ቂጥ ከፈቱት፣ እሳቱ በዚያ ይወጣል። መድፉ ቀለለ፣ ሰው ተሸክሞት ተራራ ወጣ። በኋላም በረዶ በሚከመርበት አገር ናዳውን ሆን ብለው ለማውረድ ተኩሰውበታል። ርግጫው ግን የትም አልጠፋም ልጄ። ከተኳሹ ላይ ወርዶ ከኋላ ወደ ቆመው ሰው ሄደ እንጂ።»

ሻለቃው ያን ማታ እራቱን ሳይጨርስ ነበር የተነሳው።

እሳቱ በኋላ ስለሚወጣ ነው መድፉ አጉራሽ የሚያስፈልገው። አጉራሹ ጥይቱን ያጎርሳል፣ መዝጊያውን ይዘጋል፣ አንገቱን አዙሮ ኋላውን ያያል፣ ከዚያ የተኳሹን ትከሻ መታ አድርጎ «ኋላ ባዶ ነው!» ይላል። ተኳሹ ዓይኑ ከማነጣጠሪያው አይነሳም፤ የሚያምነው ያችን ድምፅ ነው። አደጋው በደረሰበት ቀን ውድድር ነበር። አለቆች ሰዓት ይዘው ቆመዋል። የሃያ ዓመቱ አጉራሽ፣ የዛሬው ሻለቃ፣ ለብቻው ሲለማመድ አንድ ብልሃት አግኝቶ ነበር፤ መዝጊያውን እየዘጋ ከጮኸ፣ ሳይዞር፣ ሁለት ሰከንድ ይተርፈዋል። ጮኸ። ጥይት አቀባዩ ቀልዴ ደግሞ ንፋስ የወሰደበትን ኮፍያ ሊያነሳ ከመድፉ ኋላ ጎንበስ ብሎ ነበር።

ከመርማሪው ክፍል በር ላይ ተኳሹ ጆሮው ሥር ተጠግቶ፣ «አንተ እናትና እህት አለህ። እኔን የሚጠብቅ የለም። ጥሪውን ሳልጠብቅ ተኮስኩ እላለሁ፤ አንተ ዝም በል፣ ሌላ ሥራ የለህም» አለው። አጉራሹም ዝም የማለት ሥራውን ሠላሳ አንድ ዓመት አሳምሮ ሠራ። ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደረበለት።

ልጅቷ ቀልዴን ካስቀመጠች በኋላ ወንበር ስባ ሻለቃው አጠገብ ተቀመጠች።

«የአባዬን ነገር አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው ሰዎች የነገሩኝ» አለች ቀስ ብላ። «ቤት መጥቼ ‹ለውድድር ብለህ ሰው አሳወርክ?› አልኩት። ‹አዎ› አለኝ። አዎ ብቻ! ሁለት ዓመት አላናገርኩትም ጋሼ። ስወጣ ስገባ በር ይከፍትልኛል፣ እኔ ደግሞ እንዳላየሁት አልፈዋለሁ። ያን ሁለት ዓመት አሁን ከየት ላምጣው?» አፍንጫዋን ጠረገች። «አንተ ባታስታርቀንማ ጉድ ሆኜ ነበር። እግዜር ይስጥህ።»

ሻለቃው ዓይኑን ደብተሯ ላይ አደረገ። አስታርቋቸዋል፤ እውነት ነው። «አባት ነው፣ ይቅር በይው» ብሎ እጇን ይዞ ወስዷታል፣ ሟቹም ቀና ብሎ አይቶት ነበር። በዚያች እይታ ውስጥ ቁጣ ፈልጎ አጥቷል፤ ያ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳው።

ደብተሯን ከፈተ። ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሥዕል። ስለ አደጋዎች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደረሰ። ቀኑ፣ የንፋሱ አቅጣጫ፣ የአደገኛው ቀጠና ስፋት በሜትር፣ ሁሉም አለ። ከሥሩ አንድ መስመር፤ «ተኳሹ የአጉራሹን ጥሪ ሳይጠብቅ ተኮሰ።»

ደግሞ አነበበው። ሰውዬው በሰባት ደብተር ውስጥ የዋሸው አንድ ጊዜ ነው፣ ያንንም ለሻለቃው ሲል። ሻለቃው ነጻ ወጥቷል። ደብተሯን ዘግቶ «ሁሉም ልክ ነው» ቢላት ነገሩ እዚህ ያበቃል። መስመሩም ሙዚየም ገብቶ ታሪክ ይሆናል።

«ልክ ነው?» አለች ልጅቷ።

«እስክሪብቶ አለሽ?»

ሰጠችው። መስመሩን ሰረዘና ከሥሩ ጻፈ፤ ከዚያ ደብተሯን እንደተከፈተች አቀበላት። አነበበች። እንደገና አነበበች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ምን አለ?» አለ ቀልዴ ከኋላ። «ቤቱ ለምን ጭር አለ? ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ እንጂ፣ እኔም ሰው ነኝ።»

ልጅቷ ሻለቃውን ሳታይ አነበበች። «ተኳሹ ጥሪውን ጠብቆ፣ ሰምቶ ነው የተኮሰው። ኋላዬን ሳላይ የጮህኩት እኔ አጉራሹ ነኝ።»

ጎረቤት ሴትዮ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀልዴ ሲናገር በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«በየወሩ ይመጣ ነበር። ጢሜን ይላጨኛል፣ ጋዜጣ ያነብልኛል። ሲወጣ ‹ይቅር በለኝ› ይለኛል፣ እኔም ‹ይቅር ብዬሃለሁ› እለዋለሁ። ከልቤ ነበር እኮ።» በትሩን ጨበጠ። «ታዲያ ያን ሁሉ ይቅርታ ለማን ነው የሰጠሁት?»

ልጅቷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ አባቷ ክፍል ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። «ጋሼ» አላለችም።

ሻለቃው ለመሄድ ብድግ አለ። ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ እጁን ጣል አድርጎ ሳለ ቆም አለ፤ ከዚያ አንገቱን አዞረና ኋላውን አየ። ቀልዴ እዚያው ነበር፣ ጉልበቱ ወንበሩን እንደነካ፣ የተጨማደደ ፊቱን ወደ እሱ አቅንቶ። ሻለቃው ወንበሩን አንስቶ በቀስታ አዞረው፤ ፊት ለፊቱም ተቀመጠ።