የእናት ጠርሙስ

ኬሚስቷ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ መሬት አልያዘላትም። ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ስልኩ ትመላለሳለች። ከእናቷ ጓሮ ጉድጓድ በጠርሙስ የተላከላት ውሃ በመሞከሪያው ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሰማያዊ ማለት ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት አለበት ማለት ነው። ስምንተኛ ወሯ ውስጥ የገባችው ነፍሰ ጡር ታናሽ እህቷ የምትጠጣው ከዚያው ጉድጓድ ነው።

መመርመሪያው አራት ዓመት የፈጀ የእጇ ሥራ ነው። በቀዩ ፈሳሽ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች አሉ፤ የለበሱት ስስ ሽፋን እርስ በርስ እስካራራቃቸው ድረስ ፈሳሹ ቀይ ነው። እርሳስ ሲገባ ያጣብቃቸውና ሰማያዊ ይሆናል። እናቷ ይህን ሲሰሙ፣ ቀይ ከሆነማ ወርቅነቱ ምኑ ላይ ነው ብለው ቀልደውባት ነበር።

ለእህቷ ደወለችና ከጉድጓዱ ጠብታ እንዳትቀምሺ አለቻት። እህቷ እስከ ዛሬ የጠጣሁትስ ብላ አለቀሰች። እናትየው ስልኩን ነጠቁ።

«ጠርሙሱን እንኳ ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ በጨው ፈትጌ ነው የላክሁልሽ» አሉ።

ኬሚስቷ ክው አለች። እርሳስ ባይኖርም ጨው ብቻውን ቅንጣቶቹን ያጣብቃቸዋል። የሌላ ሰው ጠርሙስ ቢሆን አስቀድማ ባዶውን አስመጥታ በተጣራ ውሃ አለቅልቃ ትፈትሸው ነበር። የእናቷ ስለሆነ አመነችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! በራሷ አፈረች፤ ቢሆንም ተስፋ አደረባት።

ዕቃዋን ይዛ እናቷ ቤት ከነፈች። ይዛ የመጣችውን ሌላ ጠርሙስ መጀመሪያ ፈተሸች፤ ንጹህ ነው። ከዚያ ራሷ ከጉድጓዱ በባልዲ ቀድታ ሞላችው፤ ጥቂቱን ቱቦ ውስጥ አድርጋ ቀዩን ፈሳሽ ጨመረችበት። አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነበረባት፤ ሰዓቷን ስንት ጊዜ እንዳየች እሷም አታውቀው። ፈሳሹ ቀይ እንደሆነ ቆየ።

እናትየው ተመስገን ብለው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። እህቷ ግን ከባልዲው አንድ ብርጭቆ ቀድታ ዘረጋችላት።

«ጠዋት መርዝ ነው አልሽኝ፤ አሁን ደህና ነው ትያለሽ። እስቲ አንቺ ጠጪው።»

ኬሚስቷ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። እህቷ ብርጭቆውን ተቀብላ እንደገና ሞላችው።

«ያኛው ስለ እኔ ነው። ይሄኛው ስለ ልጄ።»

ኬሚስቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አዲስ ቱቦ አውጥታ ከብርጭቆው ውሃና ከቀዩ ፈሳሽ ጨመረችበት። ሦስቱም እንደገና መጠበቅ ጀመሩ።