እሳት የሌላት መሐንዲስ

ኤባን የማታውቁት ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል፣ አንድ ሕንጻ ላይ ሳይት ይቆጣጠራል፣ ይህንንም ሳይጠየቅ ለሰው ሁሉ ይናገራል። ሄልሜቱን ሳይት ላይ ትቶት ይመጣል፤ ማዘዙን ግን የትም አይተውም።

ነገሩ የሆነው አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ እነ ፍሬዘር ግቢ ባለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ኤባና ሦስት ጓደኞቹ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ። ፍሬዘር የሌለ አገር ፈጥሮ ይተርካል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው በዚያ አገር አንድ ሰው ሆነው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፣ ተሳካ አልተሳካ ዳይሱ ይፈርዳል። ኤባ ባለ ጎራዴ ነው። ፋርማሲ የምትሠራው ትህትና ቀስተኛ ናት። ፋዲላ ደግሞ አስማተኛዋ።

እዚያ ቤት ግን "አስማተኛ" ማለት ክልክል ነው። የፍሬዘር እናት ወይዘሮ ጉዲቱ የቸርቻቸው የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። አስማት የምትል ቃል ጆሯቸው ከገባች ጠረጴዛውም ዳይሱም ቆሻሻ መኪና ላይ ነው የሚያድሩት። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ተማክረው አስማተኛውን "መሐንዲስ"፣ አስማቱን "ሥራ" አሉት። ወይዘሮ ጉዲቱም ልጆቹ ስለ ግንባታ ሲከራከሩ እየሰሙ ጌታን ያመሰግናሉ። ጉዱ የመጣው በኤባ በኩል ነው። ዓመት ሙሉ መሐንዲስ መሐንዲስ ሲባል ሰምቶ፣ በዚህ ነገር ከኔ በላይ ላሳር ብሎ ቁጭ አለ። እውነተኛው መሐንዲስ እሱ ነዋ!

ፋዲላ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ስድስት ቀን ማሽን ላይ አንገቷን ደፍታ ትውላለች፤ በዚያ ጩኸት መሀል እንኳን ሐሳብ ሰላምታም አይሰማ። ቤት ስትገባ እናቷ "በላሽ?" ይሏታል፣ በቃ። "እሺ፣ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?" ብሎ ጠይቋት፣ አፉን ዘግቶ መልሷን የሚጠብቅ ሰው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እነ ፍሬዘር ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ያቺ የፕላስቲክ ወንበሯ ላይ። ኤባ ሊነጥቃት የተነሣው እንግዲህ ያቺን ወንበር ነው።

ከአራት ወር በፊት ሕግ አወጣ፤ ካራክተሩ የሞተበት ሰው ወንበሩን ለተራ ጠባቂ ይልቀቅ አለ። ተራ ጠባቂው ማን ሆነና? ወዬሳ ነዋ፣ የገዛ አጎቱ ልጅ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ከወለንጪቲ ተሳፍሮ እየመጣ በሩ ሥር ጀሪካን ገልብጦ ተቀምጦ የሚያይ። ሁሉም እሺ አሉ፤ ፋዲላም ሳታስበው እሺ አለች። በኋላ ነው ነገሩ የገባት። በዚያ ጨዋታ እንደ መሐንዲስ ቶሎ የሚሞት የለም፤ ጥሩር አይለብስ፣ ጎራዴ አይዝ።

አንድ እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ ፍሬዘር ወረቀቱን እየሰበሰበ "በሚቀጥለው ሳምንት ዘንዶውን ትገጥማላችሁ" አለ። "ፋዲላ፣ መሐንዲስሽ ደረጃዋ ከፍ ብሏል። ምን ዓይነት ሥራ እንደምትይዢ መርጠሽ ነይ።"

"እሳት" አለ ኤባ።

"የተጠየቅኩት እኔ መሰለኝ።"

"እሳት ነው አልኩሽ! ዘንዶው ስምንት ጠባቂ አለው። ፊት ቆመሽ ታቃጥያቸዋለሽ፣ የተረፈውን እኔ እጨርሳለሁ። ማሰብ አይጠበቅብሽም።"

"በአንዴ ካላለቁስ? ቀጣዩ ተራ የነሱ ነው። ስምንቱም ቀጥ ብለው ወደኔ ነው የሚመጡት።"

ኤባ በሩ ሥር ወዳለው ወዬሳ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። "እንግዲህ መሞት ያለ ነው።"

ይህ ሁሉ ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ በሹክሹክታ ነው እንግዲህ፤ ወይዘሮ ጉዲቱ እንዳይሰሙ። ፋዲላ ደሟ ፈላ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ጠላችው፤ ፈገግታውን፣ ያንን በሰው ሞት የሚረካ ፈገግታውን ጠላችው።

ማክሰኞ ዕለት ሥራ ላይ እንዳሉ እጅጌ የሚገጥመው ማሽን መርፌው ተሰበረ። ከዚያ ቀጥሎ የተቀመጡት እነ ሐዲስ እጃቸው እንደ መብረቅ ነው፤ ግን መብረቅ መሆን ምን ሊጠቅም? ሥራ አልደረሳቸውም፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መካኒኩ እስኪመጣ ያ ሁሉ ሰው ጣራ ጣራ ያያል። ፋዲላ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ስታየው ኖራለች፣ በዚያ ቀን ግን ሌላ ነገር ታያት። ሰው ፈጣን ስለሆነ አይደለም ሥራ የሚሠራው፤ ተራው ስለሚደርሰው ነው። ስምንት ጠባቂ ስምንት ተራ አለው፣ እኛ ሦስት። ታዲያ ለምን እገድላቸዋለሁ ብዬ እደክማለሁ? ተራቸውን መንጠቅ ነው እንጂ!

ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቷን አውጥታ ረግረግ የሚባለውን ሥራ መረጠች። ረግረግ መሬቱን ጭቃ አድርጎ የገባበትን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። አንድ ጣጣ አለው፤ መሐንዲሷ ጭቃውን በሐሳቧ ይዛ መቆየት አለባት፣ ተመትታ ከደነገጠች መሬቱ ይደርቃል፣ የተያዘው ሁሉ ይፈታል። ስለዚህ ከደረጃው ያገኘችውን ነጥብ አንዱንም ኃይል ላይ አላዋለችም፤ ጠቅላላውን ጽናት ላይ አፈሰሰችው። ከረግረጉ ሌላ አንድ ጋሻ ያዘች፤ አንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል፣ ለራስ ወይም ለጓደኛ የምትሆን። አለቀ። እሳትማ ክብሪት እንኳን አልያዘችም።

እሑድ ኤባ ወረቀቷን ሳያስፈቅድ ሳብ አድርጎ አነበበው።

"እሳቱ የታለ?"

"የለም።"

"ጭቃ? ዘንዶ ልንገድል ነው ወይስ ብሎኬት ልናመርት? ደግሞ ጽናት! መሐንዲስ ጽናት ምን ያደርግለታል? ይሄ እኮ ስፌት አይደለም፣ እህቴ።"

"እህትህ አይደለሁም። ወረቀቴን መልስ።"

ድምፃቸው ከፍ ብሎ ኖሮ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ጉዲቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ አንገታቸውን አስገቡ።

"ልጆች፣ ምንድን ነው ጭቅጭቁ?"

"ግድብ ነው ማዘር" አለች ትህትና ቶሎ ብላ። "እንዴት እንደሚሠራ ነው። ይቅርታ፣ ረበሽንዎት።"

"እንደ ቆቃ ዓይነት?"

"አዎ፣ እንደ ቆቃ።"

"ጌታ ጥበቡን ይስጣችሁ" ብለው መርቀው ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈነዱ ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም።

ፍሬዘር ጀመረ። ዘንዶው ከአንድ ሐይቅ ወጣ፣ ስምንቱ ጠባቂዎች ጦራቸውን ይዘው ከፊቱ ሮጡ። ፋዲላ ጭቃውን ዘረጋች፣ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጣለች፣ አሥራ ሰባት። ስምንቱም ጉልበታቸው ድረስ ገቡ። ትህትና ከሩቅ በቀስት አንድ በአንድ ትለቅማቸው ጀመር። አንዱ ወደቀ፣ ሁለተኛው ወደቀ፤ ከጭቃው ውስጥ ሆነው ጦር ከመወርወር በስተቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም።

"ኤባ፣ ከጭቃው ወዲህ ቁም" አለች ፋዲላ። "ዘንዶው ወዳንተ ልምጣ ሲል እሱም ይገባበታል። ያን ጊዜ ሦስታችንም እንመታዋለን።"

"ከስፌት ክፍል ትእዛዝ አልቀበልም" አለና ጭቃውን ዞሮ ብቻውን ዘንዶው ላይ ሄደ። መታው። ዘንዶውም መታው፣ ግማሽ የሕይወት ነጥቡ ሄደ።

"ተመለስ" አለች ትህትና። "አሁንም መመለስ ትችላለህ እኮ!"

ጆሮ ዳባ ልበስ። ደግሞ ሰነዘረ፣ ሳተ። ዘንዶው አልሳተም። በዚያው ተራ ከጭቃው የተወረወረ ጦር ፋዲላንም ትከሻዋ ላይ አገኛት። ጭቃው ይበተን አይበተን ዳይስ መጣል ነበረባት፤ ጣለች፣ ያ የተሳቀበት ጽናት በአንዲት ነጥብ አተረፋት። መሬቱ አልደረቀም። ግን እሷንም ኤባንም ሌላ አንድ ምት ካገኛቸው ይሞታሉ።

"ጋሻውን ስጪኝ" አለ ኤባ። እባክሽ የለ፣ ምን የለ።

ፋዲላ አሰበች። ጋሻውን ሰጥታው የሚቀጥለው ጦር እሷን ካገኛት ጭቃው ይበተናል፣ የቀሩት አራት ጠባቂዎች ይፈታሉ፣ እሷም ትህትናም ያበቃላቸዋል። ስሌቱ ይህ ነው፣ ልክም ነበር። ግን እውነት እንናገር ከተባለ ስሌት ብቻ አልነበረም። ያ ፈገግታው ዓይኗ ላይ ነበር።

"ጋሻው ለራሴ ነው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ለራሴ ነው አልኩህ። እንግዲህ መሞት ያለ ነው።"

ፍሬዘር የዘንዶውን ዳይስ ጣለ። ለአፍታ አየው፣ ከዚያ ኤባን ላለማየት ወረቀቱን ማየት ጀመረ። "ሞተሃል" አለ።

ኤባ አልተነሣም። "ይደገም" አለ።

"እንዴት ይደገማል?" አለች ትህትና።

"አውቃ ነው የገደለችኝ! በእልኸኝነት የተገደለ አይቆጠርም። ደግሞ ሕጉ እኮ የወጣው..."

"ለማን?" አለች ትህትና። "ጨርሰው እንጂ። ለማን ነው የወጣው?"

ፍሬዘር ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ድሮም እንደዚህ ነው፤ ነገር ሲከር ሽማግሌ መሆን ይወዳል። "እስኪ ረጋ ብለን እንነጋገርበት። ዞሮ ዞሮ ወንድማማቾች ነን፣ ለዛሬ ብቻ..."

"ካኢ!"

ወዬሳ ነበር። ከጀሪካኑ ተነሥቶ ኤባ ጀርባ ቆሟል፤ አንድ እጁ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። በኦሮምኛ ያልገባው እንዳይኖር በአማርኛም ደገመው። "ተነሣ።"

"አንተ! እኔ አይደለሁ እንዴ ያመጣሁህ?"

"አንተ ነህ። አራት ወር ተራ ጠብቅ ያልከኝም አንተ ነህ። ጠበቅኩ። አሁን ተነሣ።"

የኤባ ፊት ሲለዋወጥ ማየት ነበር። ፋዲላን አየ፣ ትህትናን አየ፣ የገዛ ሥጋውን አየ። ከዚያ የራሱን ዳይሶች ጠራርጎ ኪሱ ከተተና በሩን በርግዶ ወጣ። የግቢው በር ሲጋጭ ሠፈሩ ሰማው። ወዬሳ ወንበሩን ጠረግ አድርጎ ተቀመጠ፣ እርሳስም አነሣ።

ፍሬዘር በፋዲላ ላይ ፊቱን አጠቆረ። "አሁን ደስ አለሽ?"

የጨዋ ልጅ እዚህ ላይ "ኧረ በፍጹም፣ እኔማ እንዲህ አላሰብኩም" ትላለች። እሱም የጠበቀው ያንን ነው።

"አዎ" አለች ፋዲላ። "በጣም ደስ ብሎኛል። ተራው የማን ነው?"

ፍሬዘር ወረቀቱን ገለጥ አደረገ። "የዘንዶው።"

"ወደ ማን ይመጣል?"

"ወዳንቺ።"

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገች።

"ይምጣ" አለች።