የዴልበርት ዝምተኛ ማርሚታ

የዴልበርት ካማሮ መኪና ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ፣ ዝጎ ተበስቷል። ከፋብሪካ ሥራ ሲመለስ በቶሊዶ ከተማ የሚኖርበት ሰፈር መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቱ፣ አሮጊቷ ወይዘሮ ፕሩት፣ በረንዳ ላይ ብቅ ብለው «አንተ ጋጠወጥ፣ አደነቆርከኝ እኮ!» ሳይሉት ቤቱ ገብቶ አያውቅም።

ጋራዥ ሲሄድ መካኒኩ ቬርን ሁለት አዲስ ማርሚታ አወጣለት።

«ይሄኛው እንደ አንበሳ ያገሳል፤ ጉልበት ግን ጠብ አያደርግም። ያኛው ድምፁ አይሰማም፤ መኪናህን ግን ያስፈተልከዋል። ምረጥ!»

ዴልበርት የወይዘሮዋ ስድብ ትዝ አለውና ዝምተኛውን አስገጠመ።

በማግስቱ ማታ ከሥራ ገብቶ የቺሊ ወጡን እየበላ ሳለ በሩ ተደበደበ። ወይዘሮ ፕሩት ናቸው፤ በቤት ጫማ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«መቼ ገባህ?»

«ቆየሁ እኮ፣ እትዬ።»

«የመኪናህን ድምፅ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... መንገድ ላይ የሆነ ነገር አግኝቶህ ነው ብዬ!» አይናቸውን ጠራርገው፣ ሳይሰድቡት ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ዴልበርት የቬርን ጋራዥ በር ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ጉልበት አነሰው እንዴ?»

«ጉልበቱስ ሞልቷል። አንበሳውን ግጠምልኝ፤ ሰዳቢዬን አስጨነቅኳቸው።»