ሁለት ኮታ በአንድ ወንበር

የእህቷ ባል ቤቷ ድረስ መጥቶ «ኮሚቴ ውስጥ ግቢልን» ሲላት ቅርጫት ሠሪዋ ደስ ብሏት ነበር። ኋላ ላይ ስታስበው ከሁሉ በላይ የቀፈፋት ያ ደስታዋ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ደጇን ረግጦ የማያውቅ ሰው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ረግረጉን ከማናችንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ያላንቺ አይሆንም አላት።

እውነቱን ነበር። ከሰፈሩ በታች የተንጣለለውን ረግረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አንድ እግሯ በሕፃንነቷ ስለሰለለ በክራንች ነው የምትሄደው፤ ውሃው ዳር ስትደርስ ግን ክራንቿን ጥላ፣ ጭቃው ላይ እየተንፏቀቀች ቄጠማ ስታጭድ ማንም አይደርስባትም። ቄጠማ ዘሩን ሳያራግፍ አይታጨድም። ሲታጨድም ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው፣ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ። ወፍ ጎጆ የሠራችበት ጥግ አይነካም። ጭራሽ ካልታጨደ ደግሞ ይወድቅና ይበሰብሳል፣ የውሃውንም መተንፈሻ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የምታውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ረግረጉን መልሶ ለማልማት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ነበር። የእህቷ ባል የኮሚቴው ሊቀመንበር ሆኗል። ሰባት አባላት፤ ስድስቱ ወንዶች፣ ሰባተኛዋ እሷ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ፣ በመቀመጫዋ እየተገፋች አንድ በአንድ ወጣች። ስትደርስ ወንዶቹ ብስኩቱን ጨርሰው ፍርፋሪውን ከከንፈራቸው እየጠረጉ ነበር። ሊቀመንበሩ «እህታችን» ብሎ አስተዋወቃት፣ ተጨበጨበላት። ስለ አጨዳው ወቅት ስትናገር ከጎኗ የተቀመጠው ባለፓምፕ ስልኩን ይነካካል። እሱና ሁለት የኮሚቴ ጓደኞቹ ረግረጉ ዳር አንዳንድ የውሃ ፓምፕ ተክለው ውሃውን ወደ ጎመን እርሻቸው ይስባሉ። ተናግራ ስትጨርስ ሊቀመንበሩ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም።

አራተኛው ስብሰባ ላይ አልነበረችም። በዋዜማው ታላቅ እህቷ፣ የሊቀመንበሩ ሚስት፣ አንድ ወረቀት ይዛላት መጣች። ስብሰባው አጭር ስለሆነ በደረጃው እንዳትደክም ባሏ አስቦላት ነው የላከው፣ እዚሁ ፈርሚ አለቻት። ወረቀቱ ላይ የስም ዝርዝር እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፈረመች። እንዲያውም አመስግኚልኝ ብላለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥበቃዎች ረግረጉ ውስጥ ገብተው የአሥራ አንድ ሴቶችን ማጭድ ቀሙ። ሴቶቹ ቀጥ ብለው የመጡት ወደ እሷ ቤት ነው። ከፊት የቆሙት እናቷ ከሞተች በኋላ ቅርጫት መሥራት ያስተማሯት አሮጊት ነበሩ። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሳቸው በእጃቸው አስቆሟቸውና፣

«ልጄ፣ አንቺ ፈርመሽ ነው አሉን» አሏት።

ምን እንደሚሉ አልገባትም። ተቀመጡ ብላ ውሃ ቀዳችላቸው። አሮጊቷ ብርጭቆውን ተቀበሉ፣ ትንሽ ያዙትና ሳይቀምሱ መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት። አብራቸው ያደገች ያህል የምታውቃቸው ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን እንደ ቆሻሻ ነገር አዩት።

በማግሥቱ ደረጃውን ወጣች። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋ ብቻዋን ነበረች። ቃለ ጉባኤውን አሳዪኝ ስትላት ልጅቷ አመነታች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ሰጠቻት። ቅርጫት ሠሪዋ ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች አነበበች። የሴቶችና የአካል ጉዳተኞች ተወካይዋ፣ ቄጠማ አጫጆች ረግረጉን እያደረቁት መሆኑን በምሬት ገልጸው፣ አጨዳው ሙሉ በሙሉ እንዲታገድ አጥብቀው ጠይቀዋል፣ ይላል። ስለ ሦስቱ ፓምፖች አንድ ቃል የለም። ከሥሩ እቤቷ የፈረመችው ወረቀት ተያይዟል።

ሊቀመንበሩ ከስሱ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ወዲያ ባለው ክፍሉ በስልክ ያወራ ነበር። አፉ ውስጥ የሚያላምጠው ነገር አለ።

«እሱ አያሳስብህ» ይላል። «ሴትም፣ አካል ጉዳተኛም፣ አንድ ላይ አለችን። በአንድ ወንበር ሁለት ኮታ ዘግተናል።» ከዚያ ሳቀ፣ እንደገናም ማላመጡን ቀጠለ።

  ከወረቀቱ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ፖስተር የራሷን ፊት አየች። ለፕሮጀክቱ ፎቶ የተነሳች ቀን ክራንቹን ወደ ፊት አድርጊው፣ በደንብ ይታይ፣ ሲሏት ያልገባት አሁን ገባት። ተለቅ ባለ ወረቀት ላይ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች፤ ከበላይዋ «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» ይላል።

«እኔ የተባልኩትን ነው የጻፍኩት፣ እትዬ» አለች ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ።

ቅርጫት ሠሪዋ አልተቆጣቻትም። ኮፒ ስጪኝ አለቻት። ልጅቷም ተነሥታ ኮፒ አደረገችላት።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ እህቷ ቤት ደርሶ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ እህቷ ዓይኗ ደም መስሎ መጣች። የፕሮጀክቱ ገምጋሚዎች በሳምንቱ ይመጣሉ፣ ነገር እንዳታነሺ፣ ቤቴን ልታፈርሺ ነው ወይ እያለች ለመነቻት። አልሰማ ስትላት ደግሞ፣ ከጭቃ ላይ አንሥቶ ሰው ያደረገሽ እሱ አይደለም ወይ አለቻት። ቅርጫት ሠሪዋ ጭቃው ውስጥ እያለች ሰው እንደነበረች፣ የወረደችው ፎቅ ስትወጣ መሆኑን ልትነግራት ፈለገች። ግን እህቷ የለበሰችውን ስታይ ተወችው። መፈክር የተጻፈበት የፕሮጀክቱን ቲሸርት ነበር የለበሰችው። ለኮሚቴው ሰዎች ሚስቶች ሁሉ ታድሏል፤ ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ዕለት ሴት ተሳታፊዎች ሆነው እንዲሰለፉ።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት ቅርጫት ሠሪዋ ከአሥራ አንዱ ሴቶች ጋር ሕንፃው በር ላይ መሬት ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ ሁለት ጥበቃዎች ላከ። ተሸክመው ፎቅ ሊያወጧት ነው። አንደኛው ብብቷ ሥር እጁን ሲሰድ ሰውነቷ ሁሉ ኮሰኮሳት።

«አትንካኝ» አለችው። «የሚፈልገኝ ይውረድ።»

ብዙ ቆይተው ወረዱ። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት፣ ከኋላቸው ኮሚቴው። ቅርጫት ሠሪዋ ኮፒውን አውጥታ ስለ ራሷ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ይህን ቃል አልተናገርኩም፣ ስብሰባው ላይም አልነበርኩም፣ የፈረምኩት በዋዜማው ቤቴ ሆኜ ነው አለች። ከዚያ ዝም አለች፤ ሁሉም ዝም ሲሉ ከታች የፓምፑ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ተሰማ።

«ረግረጉን የሚጠጣው ያ ነው» አለች። «ማጭድ ውሃ አይጠጣም።»

ባለፓምፑ ጫማውን ያይ ጀመር። ሊቀመንበሩ ግን ፈገግ ብሎ ቀረባትና ትከሻዋ ላይ እጁን ጣል አደረገ። እህታችን ትንሽ ተሰምቷት ነው፣ የቤተሰብ ነገር ነው፣ እኛው እንጨርሰዋለን አላቸው። መዳፉ ላብ አለው፤ በቀሚሷ አልፎ ተሰማት። አልቅት እንደምትነቅል ጣቶቹን ይዛ ከላይዋ አነሣችው።

ገምጋሚዋ ሁሉንም ጻፈች። በጣም ጠቃሚ ግብረ መልስ ነው፣ እናመሰግናለን አለች። ቀጥላም ስልኳን አውጥታ ከሴቶቹ ጋር ለማስታወሻ ፎቶ እንነሣ አለች። ቅርጫት ሠሪዋ ይቺም ያው ናት ብላ አሰበች። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ። አንዷም አልተነሣችም፤ ሴትዮዋም ቀልታ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። እገዳው ይነሣ፣ ፓምፖቹ ይውጡ፣ ሦስት ሴቶች ይጨመሩ፣ ስብሰባው ምድር ቤት ይሁን ይላል። ሁለቱ ፓምፖች ወጡ፤ ሦስተኛው በጥናት ላይ ነው ተባለ፣ እስካሁንም በጥናት ላይ ነው። ማጭዶቹ ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ሰፈርተኛውን ሰብስቦ፣ የሴቶችን ድምፅ ሰምቼ እገዳውን በራሴ ተነሣሽነት አንሥቻለሁ ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተናገረ። እህቷ ከሁሉም አብልጣ ስታጨበጭብ ቅርጫት ሠሪዋ አየች።

በቃኝ፣ እወጣለሁ ብላ ነበር። ያን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ማየት እንኳ ምግብ ያስጠላት ጀመር። ያስቀሯት አሮጊቷ ናቸው። አንቺ ብትወጪ ነገውኑ ዝም ብላ የምትፈርም ፈልገው ያገኛሉ አሏት። ስለዚህ ቀረች። ስብሰባው ማዳበሪያ በሚሸት መጋዘን ውስጥ ሆነ። ወንዶቹ አፍንጫቸውን እየያዙ ይገባሉ፤ እሷ አንዳንዴ ሽታውን ከእነሱ ትመርጠዋለች። አዲሶቹ ሦስት ሴቶች በመጀመሪያ ቀን አፋቸውን አልከፈቱም። በሁለተኛው ቀን አንዷ ስለ አጨዳው ወቅት ስትጠይቅ ባለፓምፑ ስልኩን አወጣ፤ ቅርጫት ሠሪዋም ንግግሩ እስኪያልቅ ስልኩን እንዲያስቀምጥ ነገረችው። አጉረመረመ፣ ግን አስቀመጠው።

አጨዳው በተጀመረ ሰሞን እህቷ ረግረጉ ዳር ድረስ ወርዳ መጣች። ከተኳረፉ አራት ወር አልፏቸዋል። ጫማዋን አውልቃ ደረቁ ላይ ተቀመጠችና ለረጅም ጊዜ ሲታጨድ አየች።

«ልብሱን እያዘጋጀሁለት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ነገ ለአምስት ቀን ይሄዳል። ሴቶችን በማሳተፍ በኩል ልምዱን እንዲያካፍል ተጋብዟል፣ ሆቴል ውስጥ።»

ቅርጫት ሠሪዋ ያጨደችውን እቅፍ ቄጠማ ደረቁ ላይ አስቀመጠች። 

«ምን ብሎ ሊያካፍል ነው?» አለቻት።

 እህቷ ጭቃ የነካውን እግሯን በሣር ጠረገችና፣ ሸሚዞቹን ገና አልተኮስኩም፣ ዛሬ አልተኩስም ብላ እዚያው ተቀመጠች።