ብቅ በል ባልንጀራዬ

«ጋሼ፣ አባቴ መጨረሻ የጻፈው ለአንተ ነው» አለች ዐኒሳ፣ የሟቹን ስልክ እያሳየችው።

ሀብተየስ አልተቀበላትም። ምን እንደሚል በቃሉ ያውቀዋል፤ «ብርዱ በረታ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ብቅ በል ባልንጀራዬ።»

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነበር። የጅግጅጋ ነፋስ ድንኳኑን ያርገበግባል። ሰዉ የሻሂ ብርጭቆውን ይዞ በሶማሊኛ ስለ ሟቹ ስለ ሂርሲ ገጣሚነት ያወጋል። ሀብተየስ ሶማሊኛውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ ጨዋታው ውስጥ መግባት አቃተው። በዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚያጫውተው ሟቹ ነበር።

ሠላሳ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፤ ሂርሲ አስተርጓሚ፣ እሱ መዝገብ ቤት። ሀብተየስ ቤት የሚመታ ግጥም ሲያነብለት ሂርሲ ይስቅበት ነበር።

«እናንተ መጨረሻ ላይ ነው የምትገናኙት። እኛ ገና ከመነሻው!»

ከዚያ የሶማሊውን ደንብ አስተማረው፤ አንዱ ቃላቱን በጀመረበት ፊደል ሌላውም ስንኝ በስንኝ ይመልሳል፣ ፊደሏን የጣለ ተሸነፈ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በአማርኛ፣ በስልክ መልእክት ይጫወቱት ነበር። ሀብተየስ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም።

የ«በ»ዋ ስንኝ ስትደርሰውም እልህ ያዘው። ከቤቱ እስከ ሂርሲ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እሱ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደብተር ታቅፎ «በ»ን ሲያሳድድ ከረመ። በዐሥረኛው ቀን መልሱ አማረለት። ሊልክ ስልኩን ሲያነሳ የዐኒሳ የመርዶ ጥሪ ቀደመው።

«ታሞ ነበር እንዴ?» አላት አሁን።

«ሳንባው ነው። ድሬዳዋ ስለነበርኩ እኔንም ደብቆኛል። ጎረቤታችን ደሃቦ እንዳለችኝ፣ ‹ሀብተየስ ይመጣል› እያለ በየቀኑ ሁለት ወንበር በረንዳ ላይ ያወጣ ነበር።»

ሀብተየስ አንገቱን ደፋ። ጨዋታ መስሎት ነበር። ቃሉ ስላማረ፣ ሰውየው እየተጣራ መሆኑ አልታየውም።

የሂርሲ ወንድም ጃማ ከማዶ ሰማቸው። «እንደ ደንቡ መልስ አለህ አይደል? እስቲ አሰማን» አለው።

ሀብተየስ መልሱን የጻፈበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ስምንት ስንኝ ነው፣ አንድም ቦታ ፊደሏን አልጣለም። አየት አደረገውና መልሶ አጠፈው።

ተነስቶ ወደ በረንዳው ሄደ። ሁለቱ ወንበሮች እንዳሉ ናቸው። በአንዱ ተቀመጠ።

«መጣሁ» አለ፣ ፊደሏን ጥሎ።

ከዚያ ባዶውን ወንበር ነፋሱ እንዳያገኘው ወደ ራሱ ሳብ አደረገው።