የንቦቹ ድርሻ

ዶርካስ ፕሊንት የእብዶች ሆስፒታል የገባችው በአባቷ ጋሪ፣ የክት ባርኔጣዋን አድርጋ ነው። አጎቷ ኦባዳያ "ገበያ እንውጣ" ብሎ አታለላት። ከለንደን የመጣው ለወንድሙ ቀብር ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ ግን ቤቱ ተስማማው፤ አልጋውም፣ ጓዳውም። ያልተስማማችው ዶርካስ ብቻ ነበረች።

የመስኮቶቹን ፍርግርግ ስታይ ገባት። በሩ አንዴ ከኋላዋ ከተዘጋ፣ ፈርሞ የሚያስወጣት ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

"ምኗን ነው የሚያማት?" አሉ ዶክተር ዌዘርሌይ፣ ጉንጫቸውን የዋጠው ሪዛቸውን እያሻሹ። የአስታማሚዎቹ አለቃ ሚስስ ግሪብል እጅጌዋን ሰብስባ፣ ለአዲስ ገቢ የሚቀዳውን የገላ ውሃ ሞልታ ትጠብቃለች።

"ከንብ ጋር ታወራለች" አለ ኦባዳያ። "ወንድሜ በሞተ በማግስቱ የቤቱን ቁልፍ ይዛ ወጣች። ቀፎውን ሁሉ በቁልፉ ኳ ኳ እያደረገች 'ጌታችሁ ሞቷል' አለቻቸው! በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።"

ዶክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "በማግስቱ?"

"በማግስቱ!"

"ምነው ልጄ፣" አሉ ወደ ዶርካስ ዞረው፣ "ጤነኛ ሰው ጌታቸው የሞተባቸውን ንቦች ሳያረዳ ያድራል?"

"አክስቴ ባሏ ሲሞት ራት እስክትበላ ብትቆይ ንቦቿ ነቅለው ጠፉባት" አለች ሚስስ ግሪብል።

በማውራቷ ሳይሆን በመዘግየቷ ሊቆለፍባት ነው። "አባቴ ያረፈው ማታ ነው። ንቦቹ ተኝተው ነበር። መርዶ ለተኛ አይነገርም ብዬ ነው፣ ዶክተር።"

ዶክተሩ አሰቡበት። "ይሁን። ቀፎዎቹ ላይ ጥቁር ጨርቅስ?"

"ከቀሚሴ ቀድጄ አስሬላቸዋለሁ።"

"ከቀብሩ ኬክና ወይን ድርሻቸውስ?"

ዶርካስ ወደ አጎቷ አየች። ብዕሩ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"አስቀምጬላቸው ነበር። ስመለስ ሰሃኑ ባዶ ነው።"

"በልተውት ይሆናላ።"

"ንብ ማንኪያ አይጠቀምም፣ ዶክተር።"

ሁሉም ወደ ኦባዳያ ዞሩ።

"ኬኩ እንደሆነ ደርቆ ነበር" አለ። "ወይኑም ቢሆን ያን ያህል…"

"የሐዘንተኛ ድርሻ!" ሚስስ ግሪብል ደረቷን ደቃች። "ያውም ሐዘንተኛው ፊት!"

"ንብ እኮ ነው!"

"ሲበሉ አይተውዎታል?" አሉ ዶክተሩ።

"ማን?"

"ንቦቹ።"

"እኔ ምን አውቄ! አንዷ አፍንጫዬን ነደፈችኝ እንጂ…"

"አይተውታል" አሉ ዶክተሩ በሐዘን። "ራስዎን ያምዎታል?"

"አሁን ጀመረኝ!"

"ውሃው ከሚቀዘቅዝ…" አለች ሚስስ ግሪብል፤ ኦባዳያን በብብቱ ይዛ ወሰደችው። በሩ ተዘጋ፤ ውሃው ተንቦጫረቀ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ዶርካስ ገፉት። "እሱን ለማስገባት የዘመድ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ልጄ።"

ዶርካስ ብዕሩን ይዛ ፍርግርጉን አየች። ማንም ሰው፣ ኦባዳያም ቢሆን፣ እዚህ እንዲያድር አልፈለገችም።

"ታጥቦ ይውጣ" አለች። "ባቡር ጣቢያ አደርሰዋለሁ። ወደ ለንደን ይመለሳል።"

"ዛሬውኑ!" የሚል ጩኸት ከበሩ ወዲያ መጣ።

"ንቦቹን ይቅርታ ሳይጠይቅ?" አሉ ዶክተሩ።

ውሃው ጸጥ አለ።

"እሺ! በየቀፎው እየዞርኩ እጠይቃለሁ! ተንበርክኬ!"

ዶክተሩ ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። "ይኸው፣ ዳነ" አሉ።